ላልሞተ ሰው የፈሰሰ አረቄ

ኒሪሶአ፣ ባሏ ሞሳ በየዓመቱ ለዓሣ ወደሚወጣበት ወደ ሰሜኑ አገር አብሬህ ልሂድ ስትለው፣ ሁለት ቀን ሙሉ መልስ አልሰጣትም። መረቡን ጠገነ፣ የጀልባዋን ስንጥቅ በሙጫ ደፈነ፣ ልጆቹን በሆነ ባልሆነው ተቆጣ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሩዙን ስታቀርብለት፣

"መንገዱ ለሴት አይሆንም" አላት።

"ለሴት አይሆንም? ባሕረኛዋ የቬዞ ሴት ምጧ የሚመጣው ጀልባ ውስጥ አይደለም እንዴ?"

"ልጃችን ቶቮ ገና አራት ዓመቱ ነው።"

"እኔን እናቴ ጡት ሳልጥል ነው በባሕር ያዞረችኝ። አንተንም እንደዚያው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ፈልገሽ ነው?"

የፈለገችውን ነገረችው። "የእናቴ ልጅ የቀረበትን ውኃ ማየት እፈልጋለሁ። ይኸው ሰባት ዓመቱ። አንድ ጭብጥ ሩዝ የጣለለት ሰው የለም።"

ሞሳ የሩዙን ሳህን መሬት አስቀመጠና ወደ ባሕሩ ተመለከተ። "እሺ" አለ። ድምፁ ግን እሺ ያለ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ከሰባት ዓመት በፊት ሞሳና የኒሪሶአ ታላቅ ወንድም በአንድ ጀልባ ወደ ሰሜን ወጥተው ነበር። ሁለቱ ከልጅነታቸው አብረው ያደጉ ናቸው፤ ደረታቸውን በምላጭ ጭረው አንዱ የሌላውን ደም ቀምሶ የተማማሉ፣ አንዱ የሌላውን ምሥጢር ቢያወጣ መሐላው ልጆቹን እንዲበላ የተስማሙ ወንድማማቾች። ሞሳ ኒሪሶአን ያገባትም በዚሁ ወንድማማችነት በኩል ነው። ያን ጊዜ አምስት ወር ቆይቶ ሞሳ ብቻውን ተመለሰ፤ ጸጉሩን ተላጭቶ። ነፋስ ከድንጋይ ጋር እንዳላተማቸው፣ ጀልባዋ ስትገለበጥ እሱ በጎኗ የሚንሳፈፈውን ግንድ እንደያዘ፣ ወንድሟ ግን ሳይዝ እንደቀረ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ተናገረ። ሬሳ ስላልነበረ ቤተሰቡ ሁለት በሬ አርዶ፣ ከአባታቸው መቃብር አጠገብ ባዶ ጉድጓድ ላይ ድንጋይ አቆመ። በቬዞ ወግ የሟች ስም አይጠራምና ከዚያን ቀን ጀምሮ "ዞማ" የሚለው ስም ከቤቱ ወጣ። ሰዎች ማንሳት ሲኖርባቸው "ያ ባሕር የቀረው" ይላሉ።

እናታቸው ግን ልቅሶው ካለቀም በኋላ፣ ከሰሜን ሸራ በታየ ቁጥር ከጎጆዋ ወጥታ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትቆም ነበር። ጀልባዋ ቀርባ የሰው ፊት ሲለይ ትመለሳለች። በሁለተኛው ዓመት መብላት ተወች። ስትሞት አስከሬኗን ያነሱት ሰዎች እንደ ደረቅ ዓሣ ቀለለችን አሉ።

ሞሳ ይዟት የተመለሰው ጀልባ የዞማ ነበረች። አባታቸው ግንዱን ከላይኛው አገር ጫካ አስቆርጦ፣ በወንዝ አስወርዶ፣ በገዛ እጁ የፈለፈላት ናት። ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎቹ፣ "እያለቀሰ ያመጣት እሱ ነው፣ እህቱንም የሚያበላባት እሱ ነው" ብለው ለሞሳ ሰጡት።

የደቡቡ ነፋስ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ተነሡ። ከፊት ሩዙ፣ ድስቱና ደረቁ ካሳቫ፣ መሐል ቶቮ፣ ከእሱ ኋላ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ካሎ አንዲት ዶሮ አቅፋ፣ ከኋላ መቅዘፊያውን ይዞ ሞሳ። ኒሪሶአ የሸራውን ገመድ ያዘች። ከዱቄት ጆንያ የተሰፋው ሸራ ነፋስ ሲሞላ ጀልባዋ እንደተፈታ ጥጃ ፈነጠዘች። ቀን ሸራው ይወስዳቸዋል፤ ሲመሽ ጀልባዋን አሸዋ ላይ ስበው ሁለቱን ምሰሶ ነቅለው ይተክሉና ያው ሸራ ቤት ይሆናቸዋል።

የሞሮንዳቫን ወደብ እስኪያልፉ ድረስ አገሩ የራሳቸውን አገር ይመስል ነበር፤ ነጭ አሸዋ፣ እሾሃም ቁጥቋጦ፣ የሚያውቁት ሰላምታ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ተለወጠ። ዛፎች ውኃ ውስጥ ቆመው ያድጋሉ፤ ሥራቸው እንደ ሸረሪት እግር ጭቃው ላይ ቆሟል። ሰዎቹ ሩዝ በወተት ይበላሉ። ሴቶቹ የኒሪሶአን አነጋገር ሲሰሙ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ ቆይተው ደግሞ ይደግሙታል። አንድ ቀን ካሎ ከእንቅልፏ ነቅታ ጮኸች።

"እማ! ባሕሩ ደም ሆነ!"

"ደም አይደለም" አላት አባቷ። "የደገኞቹ አፈር ነው። ጫካቸውን ይቆርጡታል፣ ወንዙ አፈሩን ወደ እኛ ያወርደዋል።"

"ታዲያ አይመጡም ሊወስዱት?"

"ሲመጡ ላንቺ እነግርሻለሁ። አንቺ ታስረክቢያቸዋለሽ።"

ሞሳ እንዲህ ነበር በመንገዱ ሁሉ። ቶቮን ትከሻው ላይ አድርጎ ጭቃ ለጭቃ ሸርጣን ያሳድዳል፤ ካሎን መቅዘፊያ አስይዞ ማዕበሉን በሰያፍ እንዴት እንደሚቆርጡት ያሳያታል፤ የወንዝ አፍ በደረሱ ቁጥር አዞ ያየ እየመሰለው ጀልባዋን ወደ ጥልቁ ያወጣል። ኒሪሶአ ከሠርጓ ወዲህ ባሏን እንዲህ ሲስቅ አላየችውም። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚባለው እውነት ነው፣ ብላ አሰበች፤ ባሏን እንደ አዲስ ወደደችው።

በየቀኑ ግን አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች። "እዚህ ነው?"

"ገና ነው።"

በሃያኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ከየብስ ርቆ ነጭ አረፋ የሚደፍቅበት ቦታ ሲደርሱ ሳትጠይቀው እጁን ዘረጋ። "እዚያ" አለ።

ሸራውን አወረዱ። ኒሪሶአ ደህናውን ሽርጧን ከጥቅሉ አውጥታ ታጠቀች። ከአገሯ ጀምሮ ልብስ ውስጥ ጠቅልላ ያመጣችውን ግማሽ ጠርሙስ አረቄ ፈታች። መጀመሪያ ሩዙን በተነች፤ ትናንሽ ዓሦች ወጥተው ለቃቀሙት። ከዚያ አባቶቿን ሁሉ ጠርታ፣ የወንድሟን ስም ሳታነሣ፣ "ብርድ አይንካህ፣ ጥማት አይንካህ፤ እናታችን ወዳለችበት መንገዱን አግኘው" አለችና አረቄውን አፈሰሰች። ሞሳ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጠርሙሱን ከእጇ ተቀብሎ የቀረውን እሱ አፈሰሰው። እንባው አገጩ ላይ ደረሰ።

"ይቅር በይኝ" አለ።

እኔ በሕይወት መትረፌን ይቅር በይ ማለቱ መሰላት። እጁን ይዛ፣ "አንተ ምን ታደርግ ነበር?" አለችው። ካሎም አባቷ ሲያለቅስ ስታይ አለቀሰች።

ከዚያ በሁለት ቀን የአሸዋው ደሴት ደረሱ። ዛፍ የለባት፣ ውኃ የለባት፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ የምትሮጥ ነጭ አሸዋ ናት። ስምንት ቤተሰብ ሸራውን ተክሎ ሰፍሮባታል። የዓሣው ብዛት ግን አገር ቤት ከተረሳ ቆይቷል፤ ወንዶቹ ጠዋት ወጥተው ቀትር ሳይሆን ጀልባው ሞልቶ ይመለሳሉ። ኒሪሶአ ከሴቶቹ ጋር ፀሐይ እንዳይጠብሳት ፊቷን ቢጫ የእንጨት ቅባት ተለቅልቃ ዓሣ ስትሰነጥቅ፣ ጨው ስትነሰንስ፣ ስትገለብጥ ትውላለች። ካሎ በሳምንት ውስጥ የደሴቲቱን ልጆች ሁሉ አለቃ ሆነች።

ችግሩ ውኃ ነበር። የሚጠጣ ውኃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ወደ የብስ መቅዘፍ ያስፈልጋል፣ ወንዝ አፍ ላይ ወዳለች አንትሳሂራ ወደምትባል መንደር። ሌሎቹ ከሚስቶቻቸው ጋር በየተራ ሲሄዱ ሞሳ ግን ሁልጊዜ ብቻውን ይሄዳል።

"እኔም አገሩን ልይ እንጂ" ትለዋለች።

"የሚታይ ነገር የለውም። አዞ ነው፣ ትንኝ ነው። ሰዎቹም እንግዳ አይወዱም።"

በደሴቲቱ ላይ ጺቬሪ የሚባል ሽማግሌ ነበር። የእሱ ጎሣና የሞሳ ጎሣ ከጥንት ጀምሮ ቢሰዳደቡ የማይቀያየሙ ናቸውና ሽማግሌው ሞሳን ካልሰደበ ቁርሱ አይወርድለትም።

"አንቺ የካሎ እናት" አላት አንድ ቀን፣ ሞሳ ከውኃ ቅጂ በሁለተኛው ቀን ሲመለስ እያዩት። "ይኸ ባልሽ ወንዙን በማንኪያ ነው እንዴ የሚጨልፈው? እኛ ሄደን የምንመለስበትን እሱ አድሮበት ይመጣል!"

"ሰነፍ ስለሆነ ነው አባባ" አለች እየሳቀች።

"ሰነፍስ እንኳ አይደለም። የእነሱ ጎሣ ዋና የተማረው ከዶሮ ነው፤ ውኃ ሲያይ ይደነግጣል!"

ሁሉም ሳቁ። ሞሳም ሳቀ፣ ግን ጀሪካኖቹን ከማውረድ ቀና አላለም።

አራት ወር እንዲህ አለፈ። ወደ አገር የሚመልሰው የሰሜን ነፋስ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሞሳ መረብ ሲያወጣ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ጠፍጣፋ ዓሣ በመርዛም ጭራው እጁን ወጋው። ክንዱ እስከ ክርኑ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት ሸራው ሥር ተኛ። ጺቬሪ ቁስሉን በትኩስ ውኃ እየነከረ፣ "ዓሣው እንኳ ጎሣችሁን አወቀው" እያለ ይሰድበዋል። በማግስቱ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ውኃ ሁለት ጣት አይሞላም ነበር።

"እኔና ካሎ እንሄዳለን" አለች ኒሪሶአ።

ሞሳ በክርኑ ተደግፎ ተነሣ። "አትሄጂም። ጺቬሪ ይሂድ።"

"የሱ ጀልባ ተሰንጥቃ ተገልብጣለች። ሌሎቹ ሻርክ ፍለጋ ከወጡ ሦስት ቀናቸው ነው። ልጁ ምን ይጠጣ?"

"ነገ ይሻለኛል፣ እኔ እሄዳለሁ። የካሎ እናት፣ ስሚኝ እንጂ! ሞገዱ ይገለብጥሻል!"

"እኔ የማን ልጅ መሰልኩህ?" አለችው። ትኩሳቱ እያናገረው ነው ብላ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋለት ወጣች። ቶቮን ለጺቬሪ ሚስት ትታ፣ ካሎን መቅዘፊያ አስይዛ፣ ሸራውን ራሷ ዘረጋች። ጀልባዋ የአባቷ ናትና ታውቃታለች፤ አፏ ወደ ግራ መሳብ እንደሚወድ እንኳ ታውቃለች። ሞገዱ የሚሰበርበትን ቦታ ቆማ ጠብቃ፣ ሦስት ትልልቁን አሳልፋ ከአራተኛው ጋር እንደ ቢላ ገባች።

የመንደሯ ልጆች ከሩቅ አይተው እየሮጡ መጡ። "ያጎቴ የሞሳ ጀልባ! ያጎቴ የሞሳ ጀልባ!" ሲደርሱና ሴት ሲያዩ ቆሙ። ከኋላቸው አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ወረደች፤ ደልደል ያለች፣ ፊቷ የሚስቅ።

"ሞሳስ? ምን ሆነ? ደህና አይደለም እንዴ?"

"እጁን ዓሣ ወጋው። አንቺ ታውቂዋለሽ?"

"እንዴት አላውቀውም! በየሳምንቱ ከቤታችን በልቶ፣ አድሮ አይደል የሚሄደው። ባለቤቴ ወንድሜ ነው የሚለው፣ ከወንድም አንድ ነው። አንቺስ ማን ነሽ?"

"ሚስቱ ነኝ።"

ሴትየዋ ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻት፣ ጀልባዋንም አየች። "ያቺ ባሕር የምትፈራው? ከቤት አልወጣም ያለችው?"

ካሎ ሳቋ አመለጣት። ኒሪሶአ ግን አልሳቀችም። ሴትየዋ ቬልሶአ እባላለሁ ብላ እጇን ይዛ ወደ ላይ ወሰደቻት፣ ማንጎ ሥር ምንጣፍ ዘረጋችላት፣ ወተት በቅል አመጣች። "ባለቤቴ አሁን ከሩዙ ማሳ ይመጣል፣ ታሂሪ ይባላል፤ አንቺን ሲያይ ደስታውን አይችለውም። ያቺን ጀልባ እኮ ለሞሳ የሰጠው እሱ ነው፤ የራሱ ነበረች። እኔን ሲያገባ አባቴ፣ ባሕረኛ ልጄን ይዞ ይጠፋል አለው። እሱም ጀልባውን ሰጥቶ የብስ ላይ ቀረ።"

ኒሪሶአ ቅሉን አፏ አድርሳ መለሰችው። የሰማችውን ሰምታዋለች፤ ልቧ ግን ገና አልተቀበለውም። በዚህ መሐል ከማንጎዎቹ ኋላ ፉጨት ተሰማ። ሦስት ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረጅም። አባቷ ነፋስ ሲጠፋ ጀልባ ላይ ቆሞ ነፋስ የሚጠራበት ፉጨት ነው። ከአባቷ ሌላ ያን ፉጨት የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። 

ሰውየው ሁለት በሬ እየነዳ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። ወፍሯል። አባቱ ነፋስ የጠራበትን ፉጨት ሰባት ዓመት በሬ ሲነዳበት ኖሯል። አያት፤ ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

"ዞማ" አለች። ሰባት ዓመት ከአፏ ያልወጣ ስም።

"ዞማ ማን ነው?" አለች ቬልሶአ።

 በሬዎቹ ብቻቸውን ወደ በረታቸው አለፉ።

ዞማ ቀርቦ ቁጭ አለ፣ ከምንጣፉ ውጪ፣ አፈሩ ላይ።  "እህቴ፣ አንድ ዓመት ብቻ መስሎኝ ነበር።"

"ምኑ ነው አንድ ዓመት?"

"መሞቴ። የቬልሶአ ዘር ከዘራችን እንዳይጋባ አባቶች የማሉበት ዘር ነው። ጠይቄ ቢሆን እናታችን ራሷ መጥታ በጆሮዬ ጎትታ ትወስደኝ ነበር። አጎታችን ደግሞ ጎሣው መሥዋዕት የሚያቀርብበትን እንጨት አንተ ነህ የምትወርሰው፣ ከመንደር አትወጣም ብሎ ነበር። በሞተ ሰው ላይ ማንም መልእክተኛ አይልክም። ልጅ ሲወለድ፣ ነገሩ ሲበርድ፣ ይዣቸው እመጣለሁ አልኩ። ከዚያ..."

"ከዚያ እናትህ ሞተች።"

አንገቱን ደፋ።

"መሞቷን ሰምተሃል?"

"ሞሳ ነግሮኛል።"

"መቼ?"

"በዚያው ዓመት። በወሩ።"

"ከሞተች በኋላስ? ማን ይጎትትህ ነበር?"

"በምን ፊቴ ልምጣ?" አለ ዞማ። "ገዳይዋ እኔ ነኝ። በምን ፊቴ?"

ኒሪሶአ ተነሣች። ካሎን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች፣ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ሞላች። አንዲት ጠብታም አልደፋችም፤ ቆይታ ስታስበው እሷንም የገረማት ይኸ ነው። ዞማ አንድ ጆንያ ሩዝ ተሸክሞ ተከተላትና ጀልባዋ ውስጥ ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ። ጆንያውን ገፍታ አሸዋው ላይ ጣለችው።

"ለሞተ ሰው ሩዝ የምሰጠው እኔ ነኝ" አለችው። "ሰጥቼሃለሁ። ባሌ ራሱ ጠርሙሱን ይዞ አፍስሶልሃል፣ እሱም ያውቃል።"  ቬልሶአ ከላይ ቆማ ልጇን እንዳዘለች ታለቅስ ነበር፤ እሷም ለካ ታሂሪ የሚባል የሌለ ሰው አግብታ ስትኖር ኖራለች።

መሐል ባሕር ሲደርሱ ካሎ መቅዘፊያውን አቆመች። "እማ፣ ሰውየው ማነው?"

"አጎትሽ ነው።"

"የሞተው?"

"የሞተው።"

 "አባባ ግን ያን ቀን አልቅሷል እኮ" አለች። እናቷ መቅዘፊያውን ከእጇ ወስዳ ቀዘፈች።

ሞሳ ገና ጀልባዋ ስትጠጋ ፊቷን አይቶ አወቀ። ያበጠ ክንዱን ደረቱ ላይ አድርጎ ከሸራው ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ኒሪሶአ አንድ ኩባያ ውኃ ቀድታ ሰጠችው። እስኪጠጣ ቆመች።

"ወንድሜ ደህና ነው" አለችው። "ወፍሯል።"

"የካሎ እናት..."

"እሺ።"

"በደም ነው ያስማለኝ። ባወራ መሐላው ልጆቼን ይበላ ነበር። ካሎ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር። ምን ላድርግ?"

"መማሉንስ ማን አስገደደህ?"

"ወንድሜ ነው። ለመነኝ። በእግሬ ላይ ወድቆ ለመነኝ።"

"እናቴስ? ሸራ ባየች ቁጥር ስትወጣ አጠገቧ ቆመህ አላየሃትም? አንድ ቃል እኮ ነው። በጆሮዋ። አለ፣ አትውጪ፣ ብይ። እሷ ለማን ታወራው ነበር?"

ሞሳ ባዶውን ኩባያ አሸዋው ላይ አስቀመጠ።

"ይሁን፣ እሱንም መሐላ ይዞህ ነው። ባሕሩ ላይ ያፈሰስኩት አረቄስ? ቦታውን ማን አሳይ አለህ? መሐላው አሳይ አለህ? ረጅም መንገድ ሄጄ አንተ ከመሬት ተነስተህ በጣትህ ያሳየኸኝ አረፋ ላይ አባቶቼን ጠራሁ። በሕይወት ላለ ሰው! አባቶቼን አሳቅክብኝ። አንተም አለቀስክ።"

"እውነቴን ነው ያለቀስኩት" አለ ሞሳ። "ላንቺ ነው ያለቀስኩት።"

ልቧን ከሁሉ ይልቅ የሰበረው ይህ ነበር። ውሸት ቢሆን ይሻላት ነበር። ያለቀሰው ለእሷ ነው፤ አዝኖላት ነበር፤ እያዘነላት እጇን ይዞ ዝም ብሏል። ሰባት ዓመት አብሯት የተኛ ሰው በሐዘኗ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ፣ ሲያያት ኖሯል። ባሕር የምትፈራ ብሎም አውርቶባታል።

ምሰሶዎቹን ነቀለች። ባሏ የተጠለለበትን ሸራ ከላዩ ገፍፋ ጠቀለለችና ልጆቿን ይዛ ወደ ደሴቲቱ ሌላ ጫፍ ሄደች፤ ከጺቬሪ ሰፈር አጠገብ ተከለችው። ያቺ ትንሽ አሸዋ ላይ ከዚህ የሚርቅ ቦታ አልነበረም። ሞሳ ፀሐዩ ላይ ቀረ፤ ወደ ማታ ጺቬሪ አሮጌ መረብና ጆንያ ወስዶ ጥላ ሠራለት። ሽማግሌው ነገሩን ከሰማ በኋላ ሞሳን አልሰደበውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ። ሞሳን ይህ ከሁሉ ይልቅ ሳያመው አልቀረም፤ ሊሰድብህ የሚገባው ጎሣ የማይሰድብህ ሰው መሆን ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ነፋሱ እስኪዞር ሃያ ሦስት ቀን ቆዩ። ኒሪሶአ በየቀኑ በካሎ እጅ ምግብና ውኃ ትልክለታለች፤ ቃል ግን አትልክም። ልጆቹ በሁለቱ ጫፍ መሐል ሲመላለሱ አሸዋው ላይ ቀጭን መንገድ ወጣ። ዞማ ሁለት ጊዜ በሰው ጀልባ ተሳፍሮ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ ከሞሳ ጋር ተቀምጦ ተመለሰ፤ እህቱ ካለችበት ለመምጣት ድፍረቱ አልነበረውም፣ እሷም አልጠራችውም።

የሰሜኑ ነፋስ ሲገባ እቃዋን ጫነች። ሞሳ ክንዱ ድኖ ነበር፤ ጀልባዋ ዘንድ መጥቶ እንደ ልማዱ ከኋላ ሊገባ እጁን ጫነ።

"ያንተ ቦታ አይደለም" አለችው። "ጀልባዋን የሰጡህ ባለቤቷ ሞቷል ብለው ነው። ሰውየው አልሞተም።"

"ብቻሽን? በዚህ ባሕር?"

"ከነጺቬሪ ጋር ነኝ። አንተ ከወንድምህ ጋር ቆይ። ለእሱ ስትል እኔን ሸጠኸኛል፣ አሁን ያብላህ።"

ቶቮ አባባ ይምጣ ብሎ አለቀሰ። ሞሳ ልጁን ሳመ፣ ካሎን ሊስም ሲል ልጅቷ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ውኃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ጀልባዋን ገፋላቸው፤ ማዕበሉን የምታልፍበትን ደቂቃ ሊነግራት አፉን ከፈተና ተወው። ራሷ አለፈች።

አገር ቤት ስትደርስ አጎቷ፣ የጎሣው ሽማግሌ፣ ጎጆው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሰማት። ጨርሳ ስትነግረው መጀመሪያ የጠየቃት፣ "ጤነኛ ነው?" የሚለውን ነበር።

"ጤነኛ ነው።"

"ልጆች አሉት?"

"ሁለት። አንዷ የእናቴ ጥርስ አላት፣ ፍንጭት።"

ሽማግሌው በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።  "ሁለት በሬ አርደን ቀብረነዋል" አለ በመጨረሻ። "አባቶች ተቀብለውናል። አሁን ሄደን፣ ቀልደንባችሁ ነበር፣ ሰውየው ሩዝ ያርሳል እንበላቸው? መሞት የፈለገው እሱ ነው። ይሙት። ያን ስም እዚህ ደጅ ደግመሽ አትጥሪው።"

"እናቴስ?"

"እናትሽ ባታውቅ ይሻላታል" አለ፤ እሱም ዞሮ ዞሮ ሞሳ ያደረገባትን እንደደገመ አላስተዋለም። ኒሪሶአ ግን አስተውላለች። ተነሥታ ብቻዋን ወደ መቃብሩ ሄደች፤ እናቷ ድንጋይ አጠገብ ቁጭ ብላ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት፣ ስሙንም እየጠራች። የሰማት ሰው አልነበረም። ቢኖርም ግድ አልነበራትም።

ሞሳ በሦስተኛው ወር በሌላ ሰው ጀልባ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ በእናቷ መቃብር ላይ በሬ አርዶ ይቅርታ እንዲጠይቅ ፈረዱበት፤ አረደ፣ ጠየቀ። ጀልባዋን ለኒሪሶአ አጸኑላት። ብዙ ቀን ደጅ ተቀምጦ ልጆቹን እያጫወተ ሲውል፣ ዝናቡ የገባ ቀን፣ "ግባ፣ አትበስብስ" አለችው። ገባ። ከዚያ በኋላ አልወጣም።

አብረው ይኖራሉ። እሱ በሌላ ሰው ጀልባ ይቀዝፋል፤ እሷና ካሎ በራሳቸው ይወጣሉ። ሰው ፊት አያዋርዳትም፣ እሷም አታዋርደውም። አንዳንድ ጠዋት ሞሳ ቀድሞ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ዛሬ ነፋሱ ከደቡብ ነው፣ ደህና ነው፣ ውጡ" ይላታል። እውነቱን ነው፤ በነፋስ ተሳስቶ አያውቅም። እሷ ግን "እሺ" ትለውና፣ ሽርጧን ታጥቃ፣ በአጠገቡ አልፋ እስከ ውኃው ዳር ትወርዳለች፤ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ራሷ እስክታውቅ ድረስ ትቆማለች።